ላልሰሙ ፈራጆች፤ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ

ሳይሰሙ መፍረድ በአገር ሽማግሌ ዘንድ ነውር ነው። ባለጋራውን ሳያቆም፥ ምስክሩንም ሳይጠይቅ የሚፈርድ ዳኛ በዋርካ ሥር ስንኳ አያስቀምጡትም። ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሙዚቃ በሚነሣው ክርክር ግን ይህ ሕግ ተረስቶ፥ ያልሰማው ሁሉ ፈራጅ ሆኗል።

እኒህ መነኩሲት በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፥ በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። በፒያኖ የደረሱት ዜማ በባሕር ማዶ ታትሞ ይሸጣል፤ በታላላቅ አዳራሽም ይሰማል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 እና በ2021 ዓመት በወጡ የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ስንኳ ገብቶ ተሰምቷል። በገዛ አገራቸው ግን፥ በግምጃ ቤትም ይሁን በእንጅባራ ወይም በዳንግላ፥ ስማቸው የተነሣ እንደ ሆነ የሚሰማው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ካህኑ፥ «መነኩሲትን ከፒያኖ ጋር ምን አገናኛት?» ይላል። የተማረው ከተሜ ደግሞ፥ «ይህ እንግዲህ ምን ይባላል? ዘፈን አይደል፥ መዝሙር አይደል፥ የፈረንጅ ሙዚቃም በቅጡ አይደል» ብሎ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። ሁለቱም መልስ የሚሰጡት ከመስማታቸው በፊት ነው።

የካህናቱ ነገር ይቅደም፤ ክርክራቸው ከከተሜው ይልቅ ቁም ነገር ያለበት ነውና። ቤተ ክርስቲያን ለማኅሌቷ ከበሮን፥ ጸናጽልንና መቋሚያን ለይታለች። ይህን ሥርዓት አፈርሳለሁ፥ ፒያኖን ወደ ቅኔ ማኅሌት አገባለሁ ብሎ የሚነሣ ቢኖር ካህናቱ ይከለክሉት ዘንድ ግዴታቸው ነው። ነገር ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም እንዲህ ያለ ሙግት ይዘው አልተነሡም። የመቱት በቤታቸውና በክፍላቸው፥ ከቅዳሴና ከማኅሌት ውጭ ነው። በገናም ከማኅሌቱ መሣሪያዎች አይቈጠርም፤ ሆኖም በዐቢይ ጾም ድምፁ ከጎረቤት ሲሰማ፥ «ይህ ከሥርዓት ውጭ ነው» ብሎ በር የሚያንኳኳ ቄስ የለም። እንዲያውም ገብቶ፥ ተቀምጦ፥ ኀጢአቱን እያሰበ ያለቅሳል። ለበገና የተፈቀደው ወንበር ለፒያኖ የሚነፈግበት ምክንያት ምንድር ነው? ከባሕር ማዶ መጣ የሚባል እንደ ሆነ፥ ዳዊቱን አትሞ ለየቤቱ ያደረሰው የማተሚያ መኪናም ከባሕር ማዶ መጥቷል። ስብከቱን ከዐውደ ምሕረት አንሥቶ እስከ ገበያው ድረስ የሚያደርሰው ድምፅ ማጉያም ከዚያው ነው፤ ስለ እርሱ ግን አንድ ካህን ስንኳ ሲያጕረመርም አልተሰማም።

«መሣሪያው ይቅር፤ ሴትዮዋ ራሳቸው ዓለማዊ ነበሩ» የሚል ቢመጣ፥ ታሪካቸውን ይስማ። አባታቸው የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። በ6 ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ተልከው፥ ቫዮሊንና ፒያኖ በዚያ ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቈዩ ጣልያን ወረረ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ከቤተ ሰባቸው ጋር ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት፥ ከዚያም በናፖሊ አጠገብ ወዳለው ወደ መርኮልያኖ ተጋዙ። ከስደት በኋላ በካይሮ ከታወቀው የፖላንድ ቫዮሊን መቺ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የሚፈጽሙበት ዕድል ተገኝቶላቸው ሳለ ተከለከሉ። የዚህ ኀዘን ከባድ ነበር፤ እህል ትተው ለሞት ቀርበው፥ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው ከአልጋቸው ተነሡ። ከዚያ በኋላ የፈለጉት ለንደንን አልነበረም።

በ19 ዓመታቸው ከአዲስ አበባ ማንም ሳያውቅ ወጥተው ወደ ወሎ፥ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ መነኰሱ፤ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ግማደ መስቀሉ ባረፈበት አምባ በጭቃ ጎጆ፥ ጫማ ሳያደርጉ፥ ሙዚቃ ሳይመቱ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። የግሸንን ዳገት በመስከረም 21 ቀን ለአንድ ቀን የወጣ ምእመን የዚያ ድንጋይ ለእግር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ከከንቲባ ቤት፥ ከስዊስ ትምህርት ቤት ወጥታ ዐሥር ዓመት በባዶ እግሯ የቆመችን ሴት «ዓለማዊ» የሚል አፍ፥ አስቀድሞ የገዛ ጫማውን ቢመለከት መልካም ነበር።

ከአምባው ወርደው ወደ ፒያኖ የተመለሱበትን ነገር ደግሞ የግምጃ ቤት ካህናት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይረዱት ዘንድ ይገባል። በፈረንጆች 1960ዎቹ ዓመታት እማሆይ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፥ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የቆሎ ተማሪ ማለት ምን እንደ ሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያሻም። ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ በአንከሻ መንደር በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ያላየ የለም። ዛሬ መሪጌታ ተብሎ ከፊት የሚቀመጠው አብዛኛው ያንኑ ልጅ የነበረ ነው። እማሆይ ይህን ልጅ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በብርድ ተኝቶ ቢያገኙት፥ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ዐሥር ጣት ነው። በጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ከሙዚቃቸው የተገኘውንም ለችግረኞችና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች አዋሉት። አንዲት የግምጃ ቤት ባልቴት ከመሶቧ ቍራሽ እንጀራ አንሥታ ለተማሪ ስትሰጥ፥ «ይህ እንጀራ በምን ምጣድ ተጋገረ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ከፒያኖ የተገኘው እንጀራ ብቻ ምጣዱ የሚመረመርበት ምክንያት አይታወቅም።

ከዚህም ሌላ ያልተነገረ ነገር አለ። በማኅሌቱ ቆሞ የሚዘምመው፥ ከበሮውን የሚያነሣው ወንድ ነው፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፥ ይህ ጽሑፍም ሥርዓቱን አይነካም። ታዲያ የያሬድን ዜማ በጎንደር የተማረች ሴት የተማረችውን የት ታውለው? ዝም ብላ ትቅበረው የሚል መልስ መክሊቱን መሬት ቈፍሮ የቀበረውን አገልጋይ ማመስገን ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ድምፁ እንግባ፤ ከሳሾቹ የሸሹት ይህን ነውና። እማሆይ ፒያኖ ሲመቱ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው፥ ምቱ የሰዓት ቈጣሪ ምት አለመሆኑን ነው። የአውሮጳ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በእኩል በእኩል ተከፍሎ እንደ ወታደር ሰልፍ ይሄዳል። የእሳቸው ግን ይሮጣል፥ ይቆማል፥ ትንፋሽ ይወስዳል፥ ደግሞ ተንጠባጥቦ ይወርዳል። የውጭ አገር ሰዎች በዚህ ተደንቀው፥ «ይህን የመሰለ ነጻ አካሄድ ከየት አመጣችው?» ይላሉ። ምላሹ በማንኛውም የድጓ ጉባኤ ቤት ይገኛል። ተማሪው ከከበሮና ከጸናጽል በፊት የሚማረው ቁም ዜማ እንዲሁ ነው፤ ቃሉ በከበረበት ይረዝማል፥ በቀለለበት ያጥራል፥ ዜማው የሚሰፈረው በትንፋሽና በትርጓሜ ነው እንጂ በምት አይደለም። ዝማሜና መረግድ የሚመጡት ኋላ ነው። ፈረንጁ እንደ ተአምር ያየው ነገር ለደብተራው የልጅነት ትምህርቱ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ፒያኖ ቍልፎቹ ለየብቻ የተቈረጡ ስለ ሆኑ፥ እንደ ሰው ጕሮሮ ወይም እንደ መሰንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ አንዱ ሊንሸራተት አይችልም። ዜማን በፒያኖ እመታለሁ የሚል ሁሉ በዚህ ይሰናከላል። እማሆይ ግን በዋናው ድምፅ ዙሪያ ትንንሽና ፈጣን ድምፆችን እያርገፈገፉ፥ መሣሪያው የከለከለውን መንሸራተት ለጆሮ ያስመስሉታል። በድጓው መስመር ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መካከል ርክርክን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የት እንደ ሰማው ያስታውሳል። ግራ እጅ ግን የስዊስ ትምህርት ቤት ተማሪ መሆኑን አይደብቅም፤ ከሥር በአውሮጳ ሥርዓት ድምፆችን አስተባብሮ ይይዛል። «ናፍቆት» ብለው በሰየሙት ድርሰት ውስጥ ደግሞ የትዝታ ቅኝት ሽታ አለ፤ ማንም በክራር ያደገ ሰው አያጣውም። እንግዲህ በአንድ ወንበር ላይ በተቀመጠች በአንዲት ሴት እጅ፥ ጉባኤ ቤቱም፥ የክራሩ ጎጆም፥ የአውሮጳ አዳራሽም ተገናኝተዋል፤ አንዱም አንዱን አላባረረውም። ሙላቱ አስታጥቄ የአገሩን ቅኝት ከጃዝ ጋር ስላስማማ በሚገባ ተመስግኗል። ይህችኛይቱ ሥራ ግን ያለ ባንድ፥ ያለ ከበሮ፥ ያለ ዘፋኝ ተሠርታ ሳለ፥ ምስጋናዋ በአገሯ ለወሬ ስንኳ አልበቃም።

የድርሰቶቹን ስም ያነበበም ሰው መንገዳቸውን አይስትም። አንዱ «ጎልጎታ» ይባላል፤ አንዱ «የዮርዳኖስ ወንዝ መዝሙር»፤ አንዱ «የጌቴሴማኒ አትክልት ቦታ»። ሌላው «ቤት የሌለው ተንከራታች» ነው፤ ይህ ለግዞተኛና ለመነኩሴ ሁለቱም የሚስማማ ስም ነው። አንዱም «የዓባይ መዝሙር» ይባላል። ከግምጃ ቤት ብዙ ሳይርቅ በሰከላ፥ ከግሽ ዓባይ ስለሚፈልቀው ወንዝ አንዲት መነኩሲት በፒያኖ መዝሙር ደርሳ ሳለ፥ ከምንጩ አጠገብ የሚኖረው ሰው መዝሙሩን አለመስማቱ፥ የመነኩሲቱ ጥፋት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከተሜው፥ «ቅልቅል ነው፤ ስም የለውም» ብሏልና መልሱን ይውሰድ። በግምጃ ቤት አንድ ሰው በእሑድ ቀን በግዕዝ ያስቀድሳል፥ በአማርኛ ስብከት ይሰማል፥ ቤቱ ገብቶ ከእናቱ ጋር በአዊኛ ይጫወታል። በዚህ ሁሉ መካከል «እኔ ቅልቅል ነኝ፥ ስም የለኝም» ብሎ ሲያዝን አልታየም። ሦስቱም ቋንቋዎች የራሱ ናቸው፤ የትኛውን በየት እንደሚናገር ያውቃል። ቅዱስ ያሬድስ ቢሆን ዜማውን አንድ ብቻ አላደረገውም፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ብሎ ሦስት አድርጎ፥ ለኀዘኑም ለደስታውም የሚስማማውን ሰጥቷል። በመደርደሪያ ላይ የሚለጠፍ ስም ያጣ ሥራ ሁሉ ዋጋ የለውም የሚለው የሸቀጥ ነጋዴ አነጋገር ነው እንጂ የተማረ ሰው አነጋገር አይደለም። «ቃል የሌለው ሙዚቃ አይገባንም» ለሚሉትም ሰበቡ ቀርቷል፤ እማሆይ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው፥ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ያዜሙት በቴፕ ተቀርጾ ኖሮ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ወጥቷል።

ከከተሜዎች ወገን ግን የሚብሱ አሉ፤ እነርሱም ፈረንጅ ካመሰገነ በኋላ የሚያመሰግኑ ናቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው ለእነርሱ ነው። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ሥራው 21ኛውን ክፍል በ2006 በፈረንጆች አቆጣጠር ለእማሆይ ብቻ ሰጠ፤ ያን ጊዜ የ80 ዓመት አረጋዊት አልፈዋል። በ2013 ደግሞ ማያ ዱኒየትስ የተባለች ፒያኖ መቺ፥ በከረጢት ታጭቀው የነበሩትን የእማሆይን የእጅ ጽሑፎች መርምራ፥ ከባልንጀሮቿ ጋር በመጽሐፍ እንዲታተሙ አደረገች፤ በኢየሩሳሌምም ሙዚቃቸው በአዳራሽ ተሰማ። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባል፤ ሌላው ሲተኛ እነርሱ ነቅተው ሠርተዋል። ግን ምስጋናቸውን እንደ ቃል ትምህርት የሚደግመው የአገሩ ሰው፥ ከምስጋናው ጋር ስሕተታቸውንም ይደግማል።

ስሕተቱም ይህ ነው። የውጭ ሰው የሰማውን በሚያውቀው ስም ይጠራል። አንዱ ሳቲ ይመስላል አለ፥ ሌላው ደቡሲ፥ ሌላው የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ነው አለ። የእንግሊዝ ራዲዮ ቢቢሲም በ2017 ስለ እሳቸው ያዘጋጀውን ዝግጅት «ሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» የሚል ስም ሰጠው። ሆንኪ ቶንክ ማለት በአሜሪካ የመጠጥ ቤት ፒያኖ አመታት ነው። አዘጋጆቹ በፍቅር እንጂ በንቀት እንዳላደረጉት የታወቀ ነው፤ ዝግጅቱም በአክብሮት የተሠራ ነው። ነገር ግን ዐሥር ዓመት በግሸን በባዶ እግሯ የቆመች መነኩሲት፥ ከጎንደር ጉባኤ ቤት የቀዳችው ዜማ በጠጅ ቤት ስም ሲጠራ፥ «አይደለም፤ ይህ ከዚህ ነው» ብሎ የሚያርም ማን ነው? ሳቲንና ብሉዝን የሚያውቅ ሰው በዓለም ሞልቷል። ድጓን፥ ጾመ ድጓን፥ ዝማሬ መዋሥዕትን በቃሉ የያዘ፥ አንድ ድምፅ ሰምቶ ከየትኛው ዜማ እንደ ወጣ የሚለይ ሰው ግን የሚገኘው በጎጃምና በጎንደር፥ በጎጆ ቤትና በቤተ ልሔም ነው። በእማሆይ ሥራ ውስጥ የያሬድ ድርሻ የቱ፥ የስዊስ ድርሻ የቱ፥ የራሳቸው ፈጠራ የቱ እንደ ሆነ ለይቶ ሊናገር የሚችል እርሱ ብቻ ነው። እርሱም ጆሮውን ዘግቶ፥ «መነኩሲትን ከፒያኖ ጋር ምን አገናኛት?» እያለ ተቀምጧል። በዚህ ምክንያት ግማሹን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ሙሉውን ፍርድ ይሰጣሉ።

የከተማዪቱ ስም ስንኳ ለዚህ ነገር ይመሰክራል፤ ግምጃ ቤት የከበረ ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ነውና። የግምጃ ቤት ሹም ቈጥሮ ተረክቦ ቈጥሮ ያስረክባል። በቤቱ ምን እንዳለ ከመንገደኛ የሚጠይቅ ሹም ሹመቱ ለምን ይቆይለታል?

ጊዜውም እንደ ቀድሞው አይደለም። እማሆይ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሲኖሩ፥ ከኢትዮጵያ ለትንሣኤ የሚሳለሙ ካህናትና ምእመናን በየዓመቱ በደጃቸው አልፈዋል። «እማሆይ፥ ይህችን ከየትኛው ዜማ ወሰዷት?» ብሎ ለመጠየቅ የ39 ዓመት ጊዜ ነበረ። አሁን ጠያቂው ቢመጣ መላሿ የለችም፤ የቀረው ሸክላውና ወረቀቱ ነው። የዜማው መምህራንም እያረጁ ናቸው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖም የአገር መሣሪያም ያስተምራል፤ ከዚያ የወጣ ወጣት ወረቀቱን አንብቦ መምታት ይችላል። ድጓውን ግን እንደ መምህሩ ሊሰማው አይችልም። ወጣቱና መምህሩ በአንድ ቤት ካልተቀመጡ፥ አንዱ ያለ ሌላው ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው።

ይህን ክርክር ለመጀመር ብዙ ወጪ አያሻም። ዜማው ዛሬ በማንኛውም ወጣት የእጅ ስልክ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከሠርክ ጸሎት በኋላ፥ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፥ መሪጌታው መቋሚያውን ተደግፎ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያ «ጎልጎታ» ይሰማ፥ ቀጥሎ «የዓባይ መዝሙር»። ደግሞ ይመለስና ይሰማ፤ አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚበቃው ዜማ አይደለም። መሪጌታውም ጣቱን አንሥቶ፥ «እዚህ ላይ አራራይ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከእኛ ወጥተው ሄደዋል» ይበል። አንዳች የያሬድ ነገር የለበትም የሚል ቢሆንም፥ ከይዘቱና ከርክርኩ፥ ከድፋቱና ከቅናቱ ምልክት እየጠቀሰ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ የሰማ ሰው ፍርድ ነውና ይነበባል።